የግንቦት ውሃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መካነ ሰላም ባለው ቢሯችን ግቢ ውስጥ ሽኝት ተደረገልኝ። ጋቢ ደረቡልኝ፣ ጃንጥላ ሰጡኝ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ወጣቱ ኃላፊያችን ተነሥቶ «ጋሽ ታደሰ በሥራ ዘመናቸው ዕቅድ ሳያስገቡ ያለፉበት አንድም ዓመት የለም» ብሎ አመሰገነኝ፤ ሰውም አጨበጨበ። እኔ ሳቄ መጣና ጋቢውን አፌ ድረስ ሳብኩት። እውነቱን ነው ልጁ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ዕቅድ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የትኛው ምንጭ ይጎለብታል፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይበላል፣ በየትኛው ሩብ ዓመት ያልቃል፤ እጄ ለምዶት ነበር። ወረቀት ላይ ማቀድና አስቦ መኖር ለየቅል መሆናቸውን ግን ቢሮ አላስተማረኝም። ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ፣ አንዲት ሴትና አንድ የተቀየመ ምንጭ ናቸው።

ሥራዬ ምንጭ ማጎልበት ነበር። ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። ከመሬት የሚፈልቀውን ውሃ ዓይኑ ድረስ ቆፍረህ ታገኘዋለህ። ከብት እንዳይረግጠው፣ ጎርፍ እንዳይገባበት በድንጋይና በሲሚንቶ ትከልለዋለህ። ከዚያ ንጹሑን በቧንቧ ታወጣለህ። ሲወራ ቀላል ነው፤ እኔም ተቀጥሬ የመጣሁ ሰሞን በአንድ ሳምንት የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። ደመወዙ እንደ ሁሉም የመንግሥት ደመወዝ ነው፣ አበሉም ዘግይቶ ይመጣል፤ ስለሱ አላወራም።

ዋና ግንበኛችን ጋሼ ተሰማ ይባሉ ነበር። በልጅነታቸው ዲቁና ተቀብለው፣ በኋላ ግንበኝነቱ አሸንፎ ያስቀራቸው ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ንግግራቸው ቁርጥ ያለ። ምንጭ ዘንድ ስንደርስ ጫማቸውን ያወልቁና ድንጋይ ፈልገው ይቀመጣሉ። አባታችን ሆይን ይደግማሉ። ከዚያ ዝም ብለው ውሃውን ያያሉ። እኔ አካፋዬን ይዤ እቁነጠነጣለሁ።

«ጋሼ፣ አንጀምርም እንዴ?»

«ጀምረናል እኮ።»

«ምኑን ጀመርነው? ተቀምጠው!»

«እግርህ ነው እንጂ የመጣ አንተ ገና መንገድ ላይ ነህ። ስትደርስ ንገረኝ።»

ሲነሡ መጀመሪያ የሚሄዱት ውሃ ወደሚቀዱት ሴቶች ነው። ወንዱን ስለ ምንጭ አይጠይቁም፤ «ወንድ ውሃን የሚያውቃት ጠላ ውስጥ ነው» ይላሉ። ሴቶቹን የሚጠይቁት ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። «በግንቦት እንዴት ያደርጋችኋል?» በጥቅምትና በኅዳር የክረምቱ ውሃ ገና መሬት ውስጥ ስላለ ምንጭ ሁሉ ለጋስ ይመስላል። ግንቦት ላይ ግን፣ በልግ አልፎ ክረምት ሳይገባ፣ ምንጭ የሌለውን ማስመሰል አይችልም። ጋሼ ተሰማ ግንቦቱን ያላዩትን ምንጭ አይነኩም ነበር።

ሥራ ሲጀምሩ ደግሞ ከኋላ ነው የሚጀምሩት። መጀመሪያ የሚቆፈረው የትርፍ ውሃ መውጫው ነው። «የመጨረሻው ውሃ የት እንደሚሄድ ሳታውቅ የመጀመሪያውን አትንካ» ይሉኛል። ከዚያ ምንጩ በራሱ ፈቃድ በቆመበት ከፍታ ልክ የወይራ ችካል ይቸክላሉ። ወይራ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም። ችካሉን በመዶሻ መትተው ሲጨርሱ ጣታቸውን ከአናቱ ላይ ያሳርፉና «ከዚህ በላይ የእግዜር ነው» ይላሉ። ምክንያት አለው። ምንጭን በግንብ አፍነህ ከዓይኑ በላይ ከፍ ካደረግኸው የራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይገፋዋል። የተገፋ ውሃ ሌላ ስንጥቅ ፈልጎ ይሄዳል። አንዴ ከሄደ ደግሞ መመለሱ ያጠራጥራል።

አንድ ቀን ከአንድ ገበሬ ጋር ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ሰውዬው ከምንጩ በላይ ያለውን ቁጥቋጦ መንጥሮ ነበር። ጋሼ ተሰማ «ጎርፍ ቢመጣስ?» ቢሉት «እሱን እግዜር ያውቃል» አላቸው። ቆጣ አሉ።

«እግዜርን ቀን ሠራተኛህ አደረግኸው እንዴ? ኖኅ መርከቡን የሠራው ዝናብ ሲጥል ነው? በደረቅ ነው የሠራው፣ ሰው እየሳቀበት። ‹እግዜር ያውቃል› የሚባለው አስበህ፣ ሠርተህ፣ መዶሻህን ካስቀመጥህ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከተባለ ስንፍና ነው።»

ወደ እኔ ዞረውም፣ «ቤተ ክርስቲያናችንስ ብትሆን ዝም ብላ ፋሲካ ላይ ዘላ ትገባለች? ሁዳዴን አስቀድማ ነው የምትፈስከው። ሃይማኖትህ ራሱ አስበህ ኑር እያለህ ነው» አሉኝ። እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ እሺ ብዬ አለፍኩት።

እንግዲህ ወደ ጥድ አምባ ልምጣ። መንደሩ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ያለ ነው። በአንድ በኩል ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው መስጊድ፣ መካከላቸው ሜዳ። ምንጩ ከሜዳው ዝቅ ብሎ ካለው ተረተር ሥር ይፈልቃል። ጋሼ ተሰማ ታመው አልጋ ይዘው ስለነበር ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተረከብኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፣ ውሃውም እንደ ጉድ ይወርዳል።

ሕዝቡ ተሰበሰበ። ቄሰ ገበዙ ተነሡና፣ «እኛስ ታቦት ይዘን ወደ ውሃው የምንወርደው በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ነው። ወንድሞቻችን ግን በየቀኑ ከሶላት በፊት ለውዱእ ይቺን ቁልቁለት ይወርዳሉ። ለነሱ ሲባል ውሃው ሜዳው ላይ ይውጣልን» አሉ። ሼሁ ወዲያው ተቀበሏቸው። «ኧረ ወላሂ እኛስ እንደምንም እንወርዳለን! እኔን የሚያሳዝኑኝ ታቦት ተሸክመው የሚንሸራተቱት ካህናት ናቸው። ለነሱ ሲባል ይውጣ።» አጃኢብ ነው! ቢጣሉ እንኳ ማስታረቅ ይቻል ነበር። አንዱ ለሌላው ሲለምን ማን ጨክኖ አይሆንም ይላል? በዚያ ላይ የወቅቱ አለቃዬ «ሕዝቡ ከተስማማ ምን ትጠብቃለህ? ለጥምቀት ይድረስ» አለኝ።

ችካሉን ቸክያለሁ፣ እጄ ስለለመደ። ከዚያ ከችካሉ በላይ የሰው ቁመት የሚያህል ግንብ ሠራሁበት። ሴቶቹን ስለ ግንቦት አልጠየቅኳቸውም፤ ለጥምቀት ነበር የምሮጠው። ውሃው ግንቡ ውስጥ ቀስ እያለ ሽቅብ መጣና በከተራ ዋዜማ በሜዳው የታችኛው ጫፍ ባለው ቧንቧ ፈሰሰ። እልልታው ሌላ ነበር። ቄሰ ገበዙ ባረኩት፣ ሼሁ ዱአ አደረጉ። ለእኔ ጋቢ ደረቡልኝ፤ የመጀመሪያው ጋቢዬ እሱ ነው።

መጋቢት ላይ ቧንቧው ቀጠነ። ሚያዝያ ላይ መንጠብ ጀመረ። ግንቦት ሲገባ ደረቀ። ውሃው ሌላ መንገድ አግኝቶ ከመንደሩ ማዶ፣ ከገደሉ ወገብ ሥር ወጥቶ ነበር። ፍየል እንኳ ተጠንቅቆ የሚወርድበት ቦታ ነው። ሴቶቹ ምን ያድርጉ? ወረዱ። ከነሱ መካከል ዘይነባ የምትባል አዲስ ሙሽራ ሙሉ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ስትወጣ ተንሸራታ ወደቀች። በቃሬዛ መካነ ሰላም አደረሷት። እግሯ ዳነ፤ ግን አጥሮ ቀረ።

ስኳር ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። መደቡ ላይ ተኝታለች። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ከጎረቤቱ ተምሮ ይቅርታ ሲጠይቅ «አፉ በሉኝ» ነው የሚል።

«ዘይነባ፣ አፉ በይኝ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝና «አሁን አልልም» አለች።

አማቷ ደነገጡ። «አንቺ ልጅ! ቤትሽ መጥተው አፉ በይኝ ሲሉሽ?»

«ለጥምቀት ውሃ አመጡልን፣ እልል ብለን መረቅናቸው። እኔም እልል ካሉት አንዷ ነኝ። በጥምቀትማ የማን ምንጭ ውሃ የለው? በግንቦት ያምጡልኝ። ያኔ አፉ እልዎታለሁ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። በቀጥታ የሄድኩት ጋሼ ተሰማ ዘንድ ነው። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁን ምን ልታደርግ አስበሃል?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ። እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል። እኔ የምጠይቀው አንተን ነው።»

ፊቴን በእጄ ጠረግኩ። ጋሼ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አሉ፤ ግን በቁጣ አልነበረም። «ግንቡን አፍርሰው። ውሃው ተመልሶ ከመጣ እሰየው። ካልመጣ ወዳለበት ትሄዳለህ። ሰው ነው ውሃን የሚከተል፣ ውሃ ሰውን አይከተልም።»

ግንቡን አፈረስኩት። ውሃው አልተመለሰም። በጀት ዓመቱ ተዘጋ፣ እኔም ወደ ደጎሎ ተዛወርኩ።

ከመሄዴ በፊት ልሰናበታቸው ብገባ ጋሼ ተሰማ ለሞት ተዘጋጅተው ጨርሰው ነበር። መግነዛቸው ተገዝቶ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የነፍስ አባታቸው ዘንድ ንስሐቸውን ፈጽመዋል። ከወንድማቸው ጋር በድንበር ተኳርፈው ነበር፤ አስጠርተው ታርቀዋል። ለተዝካር በሬ እንዳይታረድ፣ በሬው ለባለቤታቸው እርሻ እንዲቀር ሽማግሌ ፊት ተናግረዋል።

«ጋሼ፣ አይፈሩም?» አልኳቸው።

«እፈራለሁ እንጂ! ፍርድ እኮ ነው የሚጠብቀኝ። የፈራ ነው የሚያስብ። የመጨረሻው ውሃዬ የት እንደሚሄድ ተመልክቻለሁ፤ የቀረውን እግዜር ያውቃል።» ከራስጌያቸው አንድ የወይራ ችካል አንሥተው ሰጡኝ። «ይኼን ጥድ አምባ ትቸክለዋለህ። መቼ እንደሆነ አንተ እወቅ።» ነፍሳቸውን ይማር፣ በተከታዩ ዓመት ከሁዳዴ መያዣ በፊት ዐረፉ።

ደጎሎ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ገብሱና ስንዴው ደግ ነው፣ ብርዱ ክፉ ነው፤ ሲሚንቶ ሌሊት እንዳይቀዘቅዝብን በገለባ እናለብሰው ነበር። ከዚያ ወረኢሉ ተዛወርኩ። እዚያ አንድ ችኩል አለቃ ነበረኝ። ሥራ በሰጠኝ ቁጥር «ግንቦቱን አይቼ» ስለምለው «ጋሽ ግንቦት» የሚል ስም አወጣልኝና በየቢሮው ተጠራሁበት። ተቀይሜው አላውቅም። የሱ ዘመን ምንጮች ዛሬም ይፈሳሉ፤ እሱ ራሱ በመንገድ ሲያገኘኝ ይስቃል።

ቀስ በቀስ ነገሩ ከሥራ አልፎ ቤቴ ገባ። ባለቤቴ ብርቄ ጨዋታ አዋቂ ናት። ትልቋን ልጃችንን ስንድር ዘመዱ ሁሉ ድንኳኑ ይለቅ፣ በሬው ይብዛ እያለ ሲያሟሙቅ ብርቄ ከጓዳ ብቅ ብላ «ግንቦቱስ?» አለች። ሠርጉ በልኩ ሆነ፣ የተረፈው የልጆቹ መቋቋሚያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን «ግንቦቱስ?» መተዳደሪያ ሆነ። ልጅ ትምህርት ሲመርጥ፣ እኔ ተቆጥቼ ከሰው ልጣላ ስነሣ፣ «ግንቦቱስ?» ትለኛለች። በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ማግስት ሁለታችን ተቀምጠን አባታችን ሆይ ብለን «ዘንድሮ ለምን እንኖራለን?» እንባባላለን። ሰው ይስቅብናል። ይሳቅ፤ እኛን ጠቅሞናል።

ጥድ አምባን ግን አልረሳሁም። ችካሉ በሄድኩበት ሁሉ ከልብሴ ጋር ተዛውሯል። ጡረታዬ ሲቃረብ ለምኜ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩና በደረስኩ ሳምንት ሄድኩ። ሼሁ ሞተዋል። ቄሰ ገበዙ ዓይናቸው ደክሟል። ዘይነባ አያት ሆናለች፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሴቶቹ ዛሬም ገደሉን ይወርዳሉ፤ አሁን የምትወርደው የልጅ ልጇ ናት።

«መጡ?» አለችኝ።

የጥድ አምባን ምንጭ ከገደሉ ሥር ላጎለብተው እንደምፈልግ ለወጣቱ ኃላፊያችን ነገርኩት። ቅን ልጅ ነው፤ ደስ አለው። «በቃ ጋሼ፣ ለጡረታዎ መታሰቢያ ትሁን። እስከ ጥምቀት ጨርሰን እናስመርቃለን።»

«አይሆንም። ግንቦቱን ማየት አለብኝ። ግንቡ የሚሠራው ከክረምት በኋላ ነው» አልኩት።

«እርስዎ እኮ ሰኔ ላይ ይወጣሉ! ከዚያ በኋላ ማን ይጨርሰዋል? እኔስ እዚህ ለመቆየቴ ምን ዋስትና አለ?»

እውነቱን ነበር። ማታ ለብርቄ ብነግራት እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቃወመችኝ። «ልብህ እንደሆነ ደክሟል፣ ሐኪሙም ነግሮሃል። ያቺ ሴት አፉ ሳትልህ ብትሞትስ?»

«ግንቦትን ሳላይ ሠርቼ ሁለተኛ ከምበድላት ሳትምረኝ ብሞት ይሻላል» አልኳት። አፌ እንዲህ አለ እንጂ ፈርቼ ነበር። ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የምለምነው ጤና አልነበረም፤ ግንቦትን ነበር።

ግንቦት መጣ። ዘይነባ በበቅሎ ዙሪያውን ዞራ ገደሉ ሥር ወረደች፤ አትምጪ ብላት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አባታችን ሆይን ደገምኩ። እሷም እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኳት።

«ዘይነባ፣ በግንቦት እንዴት ያደርጋችኋል?»

«ይኸው ዛሬ ጠየቁኝ» አለች። በምርኩዟ እያመለከተች የቱ ጋ እንደሚቀጥን፣ ከየትኛው ድንጋይ ሥር ግን ጨርሶ እንደማይቋረጥ አሳየችኝ። እዚያው የጋሼ ተሰማን ችካል ቸከልኩ። ጣቴን ከአናቱ አሳርፌ የሳቸውን ቃል ስናገር ዘይነባ «አሚን» አለች። ትርፉ ውሃ ወደ ከብት ገንዳ፣ ከገንዳው ወደ ጎመን መደብ እንዲሄድ፣ ለሰውም ለአህያም የሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ እንዲቆረጥ ለወጣቱ ኃላፊ አሳየሁት፤ እንደዚያው ሊሠራው ቃል ገባልኝ። ሰኔ ላይ ጋቢና ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

በበጋው ልጁ ቃሉን ጠብቆ ሠራው፤ እግዜር ይስጠው። ለጥምቀት ምረቃ ጠሩኝ፤ አልሄድኩም። ኮራ ተብዬ ታማሁ። ብርቄ ብቻ ናት የገባት።

ዘንድሮ ግንቦት ሲገባደድ ሁለታችን ሄድን። አዲሱን መንገድ እየተደገፍን ወረድን። መሬቱ ሁሉ ተሰነጣጥቋል፣ በልጉም አልጣለም። ከሩቅ የቧንቧው ድምፅ ተሰማኝ። ሦስት ሴቶች ይቀዳሉ። ዘይነባ በገዛ እግሯ ወርዳ ገንዳው አጠገብ ተቀምጣለች፣ ምርኩዟ ጭኗ ላይ ነው። ሰላም ስላት ጣሳ አንሥታ ከቧንቧው ሞላችና ግጥም አድርጋ ጠጣች። አፏን በሻሿ ጠረገች።

«ዛሬ ወሩ ምንድን ነው?»

«ግንቦት ነው ዘይነባ። ሰኔ ሊገባ ነው።»

«ዝናብ ጥሏል?»

«ጠብ አላለም።»

ጣሳውን ደግማ ሞላችና ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«እንግዲያውስ አፉ ብዬዎታለሁ። አላህም አፉ ይበልዎ።»

መጠጣት አቅቶኝ አለቀስኩ። «ኧረ ይጠጡት፣ አብሽሩ» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችልኝ። ጠጣሁ። ጎንበስ ብዬ በግንቡ ላይ በተተወው መፈተሻ ቀዳዳ ባይ ችካሉ እንደተቸከለ ነው፤ ውሃው አናቱ ላይ ደርሶ ቆሟል። ጣሳውን መለስኩላትና ከብርቄ ጋር ቀስ እያልን ዳገቱን ወጣን።